ሁለት ፊልሞች፣ አንድ ኦርጋን፦ «ቤን ሁር» እና «አር-ሪሳላ» በኦሪጅናል ዲስክ

በወሎ ቤተ ሰብ ውስጥ የበዓል መቁጠሪያው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። እኔም በእናቴ ወገን የሙስሊም፣ በአባቴ ወገን የክርስቲያን ዘር ስለሆንኩ፣ ደሴ ባለው ቤታችን ፋሲካም ሆነ ዒድ ሲመጣ ቡና ሊጠጣ የሚሰበሰበው ጎረቤት ያው ነው፤ የሚለየው ከበረካው በኋላ የሚከፈተው ፊልም ነው። ለፋሲካ «ቤን ሁር» ይከፈታል፤ ለዒድ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ዘ ሜሴጅ»፣ በዐረብኛ «አር-ሪሳላ» የሚባለው። ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው ቆጥሬ አላውቅም። በወጉ የሰማኋቸው ግን ባለፈው ዓመት ነው፤ ውጭ አገር የምትኖረው እኅቴ የ«ቤን ሁር»ን ብሉሬይና የ«አር-ሪሳላ»ን ዲቪዲ፣ ሁለቱንም ኦሪጅናል፣ ይዛልኝ ስትመጣ። ይህ ጽሑፍ የእነዚያ ዲስኮች ግምገማ ነው፤ ከሥዕሉ ይልቅ በሙዚቃው ላይ ቢያደላ አንባቢ አይታዘበኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርድ ያገኘዋል።

መጀመሪያ የነበረውን ሁኔታ ላስታውስ። «ቤን ሁር»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠባብቀን፣ ከፊታችን አንዲት ቴሌቪዥንና ከሥሯ አንድ ዴክ ተቀምጠው ነበር። ፊልሙ የተቀረፀው ስፋቱ የቁመቱን 2.76 እጥፍ በሆነ እጅግ ሰፊ ሥዕል ነው፤ የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ስፋቱ ከቁመቱ የሚበልጠው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ስለነበር፣ ካሴቱን ያዘጋጁት ሰዎች ሥዕሉን በግራና በቀኝ ቆርጠው ከግማሽ በላዩን ጥለውታል። ቤን ሁር በሠረገላው ላይ የሚነዳቸው ነጫጭ ፈረሶች አራት መሆናቸውን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አንታሬስ፣ ሪጀል፣ አልዴባራን እና አልታይር ተብለው በከዋክብት ስም መጠራታቸውን የፈረሶቹ ባለቤት የሆነው ዐረባዊ ሼክ በፊልሙ ውስጥ ሲናገር እየሰማሁ እንኳ፣ በዓይኔ የማየው ሁለቱን፣ ቢበዛ ሦስቱን ነበር።

ከካሴቱ ዘመን በኋላ የመጣው በፍላሽ የሚጫነው ቅጂ ነው፤ በእኔ እምነት ይኸኛው ጉዳቱ የባሰ ነው። ካሴቱ ሥዕሉን ቢቆርጥም ሙዚቃውን አልነካም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ፊልም ጫኝ ቤት ያስጫንኩት «ቤን ሁር» ግን፣ መክፈቻ ሙዚቃው ሙሉ በሙሉ ተወግዶ፣ ሥዕሉ ወደ ላይ ተለጥጦ፣ ሰዎቹ ሁሉ ቀጫጭን ሆነው፣ በዚያ ላይ አንድ አማርኛ ተራኪ የሁሉንም ተዋናይ ንግግር ብቻውን እየተረጎመ የተቀዳ ነበር። ተራኪው አፉን በከፈተ ቁጥር የፊልሙ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ንግግር በሌለበት ቦታ ደግሞ ዝም ማለት ስለሚከብደው የምናየውን ይነግረናል። «አሁን ውኃ ሊሰጠው ነው» አለ፤ ሙዚቃው ሊነግረን ተዘጋጅቶ የነበረውን በትክክል በዚያችው ቅጽበት ቀማው። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ትርጉም ውለታ መሆኑን አልክድም፤ እናቴም ታሪኩን የተከተለችው በዚሁ መንገድ ነው። ቢሆንም እነዚህ ሁለት ፊልሞች ከሌላው ፊልም የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው፤ የታሪኩ ዋና ሰው፣ በ«ቤን ሁር» ክርስቶስ፣ በ«አር-ሪሳላ» ነቢዩ ሙሐመድ፣ በሁለቱም ፊቱ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። የእርሱን ቦታ የሚይዝለት ኦርኬስትራው ነው። ኦርኬስትራው ሲሸፈን ዋናው ሰው ከፊልሙ ወጣ ማለት ነው።

«ቤን ሁር» በዊልያም ዋይለር አዘጋጅነት በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 11 ኦስካሮችን ያገኘ ሥራ ነው፤ ከአሥራ አንዱ አንዱ የሙዚቃው ነው። እጄ ላይ ያለው በ2011 የወጣው የሃምሳኛ ዓመት ብሉሬይ ሲሆን፣ የተሠራው የመጀመሪያውን የ65 ሚሊ ሜትር ኔጌቲቭ በ8ኬ ጥራት አንብቦ በማደስ ነው። ውጤቱ አስደናቂ ነው፤ የሮማውያኑ ጥሩር ላይ ያለው ጭረት፣ የሼኩ ድንኳን ጥልፍ፣ የሩጫው ሜዳ አሸዋ ሁሉ ይለያል። በሥዕሉ ላይ ከዚህ በላይ አልቆይም፤ ዓይን ያለው አይቶ የሚፈርደው ነውና።

ሙዚቃውን የጻፈው በ1907 በቡዳፔስት የተወለደው ሚክሎሽ ሮዣ ነው። ሮዣ በልጅነቱ የሃንጋሪ ገበሬዎችን ዜማ በመንደር እየሰማ ያደገና የሰበሰበ፣ ኋላም ላይፕዚግ ሄዶ የተማረ ሰው ነው። የሃንጋሪ ጥንታዊ የገበሬ ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ መሆኑን የሙዚቃ ሊቃውንት ጽፈዋል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ከወሎ ምድር ላገኙባት አገር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሮዣ ዜማ ከአምባሰል ጋር አንድ ነው አልልም፤ አንድም አይደለም። ነገር ግን በመስክ በሚታየው ረጅም ጉዞ ላይ ቫዮሊኖቹ አንዲትን ሐረግ ይዘው ሲወጡና ሲወርዱ፣ ዜማው የሚያርፍበትን ቦታ ጆሮዬ አስቀድሞ ያውቀዋል። የሌሎቹን የሆሊውድ ሙዚቀኞች ሥራ ስሰማ እንዲህ ዓይነት ዝምድና ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዲስኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የፊልሙ ታሪክ አይደለም። ማይክል አንጄሎ የሣለው የአዳም ፍጥረት ሥዕል ሳይንቀሳቀስ ቆሞ፣ ከ6 ደቂቃ በላይ ኦርኬስትራው ብቻውን ይጫወታል። ቤታችን የነበሩት እንግዶች መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ደርቋል ብለው ነበር። ይህ መክፈቻ በጥንቱ የሲኒማ አዳራሽ ሰው መቀመጫውን እየያዘ፣ ጨዋታውን እየጨረሰ፣ ጆሮውን የሚያሟሽበት ጊዜ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ እየተመላለሱ የሚመጡት ዋና ዋና ዜማዎችም እዚያው ይተዋወቃሉ። ቀጥሎ የኩባንያው አርማ የሆነው አንበሳ ይመጣል፤ እርሱም አያገሳም። ከአርማው በኋላ የሚመጣው የልደት ታሪክ ስለሆነ አንበሳው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ተደርጓል። በዚህ የልደት ትዕይንት ላይ ዋይለር የታወቀውን የፈረንጅ የገና መዝሙር ማስገባት ፈልጎ ሮዣ እምቢ ማለቱን፣ በምትኩም የራሱን ዜማ መጻፉን አንብቤያለሁ። እንኳን እምቢ አለ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መዝሙር ቢገባ ኖሮ ፊልሙ ገና ሳይጀምር የገና ካርድ ይሆን ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይሁዳ ቤን ሁር በሐሰት ተፈርዶበት፣ ከሌሎች እስረኞች ጋር በሰንሰለት ታስሮ፣ በበረሃ እየተነዳ ናዝሬት ይደርሳል። የሮማው መኮንን ለእርሱ ውኃ እንዳይሰጠው ይከለክላል። ይሁዳ ወድቆ አምላኩን ሲጠራ፣ ፊቱን የማናየው አንድ ሰው ይጠጋና ውኃ ያጠጣዋል። መኮንኑ ሊቆጣ ይመጣል፤ ያን ሰው ቀና ብሎ ሲያይ ግን ቃሉ አፉ ላይ ይቀራል፣ ያመነታል፣ ወደ ኋላ ይላል። እኛ የምናየው ጀርባን፣ እጅን፣ ጸጉርን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመኮንኑን ፊት ነው። ሮዣ ለዚህ ሰው ለብቻው የሚሆን ድምፅ መድቦለታል፤ ኦርጋንና ከፍ ብለው በቀስታ የሚጎተቱ ቫዮሊኖች። ይህ ድምፅ በፊልሙ ውስጥ ለሌላ ለማንም አልተሰጠም፤ ስለዚህ በሰማነው ቁጥር ማን እንደመጣ እናውቃለን። ኋላ፣ በስቅለቱ መንገድ ላይ፣ ውኃ ሰጪው ቤን ሁር ተቀባዩ ያ ሰው በሆኑ ጊዜ ያው ዜማ ይመለሳል፤ ይሁዳ ከማስታወሱ በፊት ጆሯችን አስታውሶታል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባ፤ ያለ ድምፅና ያለ ፊት በዚህ ሚና የተጫወተው ክሎድ ሂተር የተባለ የኦፔራ ዘፋኝ ነው። ዘፋኝ ቀጥሮ ዝም ማሰኘት እንግዳ ነገር ይመስላል፤ የእርሱን ድርሻ ኦርጋኑ እየዘመረለት መሆኑን ያስተዋለ ሰው ግን ፈገግ ይላል።

ሌላው ሊሰማ የሚገባው የመርከቡ ክፍል ነው። ባሪያዎቹ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ሆነው በመዶሻ ምት ይቀዝፋሉ፤ ቆንሲሉ ኩዊንተስ አርየስ ጉልበታቸውን ሊፈትን ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ያዛል። ኦርኬስትራው ከመዶሻው ጋር አብሮ ይመታል፤ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲከብድ ይከብዳል፣ ትሮምቦኖቹ የቀዛፊዎቹን ትንፋሽ ይዘው ያቃስታሉ። ደቦ ላይ ሆ ብሎ የሚያውቅ ሰው ዜማ ሥራን እንዴት እንደሚሸከም ያውቃል፤ እዚህ ግን ዜማው ሥራውን አያቀልም፣ ሠራተኛውን ይገርፋል። በቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ማጉያ ስሰማው መዶሻው ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከትልልቅ ስፒከሮች ጋር ሳገናኘው ከመዶሻው ሥር ሌላ ሙሉ ዓለም እንዳለ ተገለጠልኝ።

ከዚህ በኋላ አንባቢ የሠረገላው ሩጫ ሙዚቃ እንዴት ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ መልሴ የለም የሚል ነው። ሠረገሎቹ ወደ ሜዳው ሲገቡና በሰልፍ ሲዞሩ በትራምፔት የታጀበ ታላቅ ማርሽ አለ፤ ሩጫው ሲጀመር ኦርኬስትራው ዝም ይላል። ወደ 9 ደቂቃ ገደማ የሚሰማው ኮቴ፣ መንኮራኩር፣ ጅራፍና የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ነው። ለፊልሙ ከ3 ሰዓት በላይ የሚሆን ሙዚቃ የጻፈ፣ ከዚያም 2 ሰዓት ተኩል ያህሉ በሥራ ላይ የዋለለት ሰው በጣም በሚፈለግበት ቦታ ብዕሩን ማስቀመጥ መቻሉ ከጻፈው ሁሉ የማያንስ ጥበብ ነው። በፍላሹ ቅጂ ላይ ተራኪው ይህን ዝምታ እንደ ኳስ ጨዋታ ሲያስተላልፈው ነበር።

ይህን ብሉሬይ እንድትገዙት የምመክርበት ዋናው ምክንያት ግን በድምፅ ምርጫው ዝርዝር ውስጥ የተደበቀ ነው። ከእንግሊዝኛው ንግግርና ከባለሙያዎች ማብራሪያ ሌላ፣ የሮዣን ሙዚቃ ብቻ ለይቶ ከሥዕሉ ጋር የሚያሰማ ምርጫ አለ። ንግግር የለም፣ የፈረስ ኮቴ የለም፤ ሙዚቃ በሌለበት ቦታ ፍጹም ዝምታ ነው። አንድ ሌሊት ቤተ ሰቡ ከተኛ በኋላ ፊልሙን ሙሉውን እንዲህ አየሁት። የለምጻሞቹ ሸለቆ ትዕይንት ያለ አንድ ቃል፣ ለምጽ የያዛቸው የይሁዳ እናትና እኅት ከእርሱ ሲሸሸጉ፣ ቼሎዎቹ ብቻ እየተናገሩ፣ ከቃሉ ጋር ካየሁት ይልቅ ልቤን ነክቶታል። እንግሊዝኛ የማትሰማው እናቴም በማግሥቱ ጥቂት አይታ፣ «ይሄ ይሻላል፤ ያ ሰውዬ አይለፈልፍብኝም» አለች። ዲስኩ የአማርኛ ጽሑፍ የለውም፤ የሙዚቃ ምርጫው ግን በሆነ መንገድ ለእኛ የተዘጋጀ ትርጉም ሆኖ አገኘሁት።

ጉድለት የለውም አልልም። ፊልሙ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚወስድ በሁለት ዲስክ ተከፍሏል፤ ዕረፍቱ ላይ ተነስቶ መቀየር ያስፈልጋል፤ ይህ እንኳ ቡናውን ለማሞቅ ይጠቅማል። ከበድ ያለው ችግር የሥዕሉ ስፋት ነው። በእኔ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 40 ሴንቲ ሜትር ከሚሆነው የመስኮቱ ቁመት ሥዕሉ የሚይዘው 26 ያህሉን ብቻ ነው፤ ቀሪው ከላይና ከታች ጥቁር ነው። ይህ የዲስኩ ጥፋት ሳይሆን የፊልሙ ተፈጥሮ ነው፤ ቢሆንም ከሩቅ ሆኖ በሚያይ ሰው ዘንድ «ቴሌቪዥኑን አስፋው» የሚል ክርክር ማስነሳቱ አይቀርም። ድምፁን በሚመለከት፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው በጣም የተራራቁ ናቸው፤ ሹክሹክታውን ለመስማት ከፍ ያደረጉት ድምፅ ማርሹ ሲመጣ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። በክረምት ደግሞ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚኖር የደሴ ሰው የኦርጋኑን የመጀመሪያ ድምፆች ለመስማት መሞከሩ ከንቱ ድካም ነው፤ ከስቅለቱ በኋላ በፊልሙ ውስጥ ዝናብ ሲወርድ የትኛው የእኔ፣ የትኛው የእነርሱ እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነበር።

አሁን ወደ ዒዱ ፊልም። «አር-ሪሳላ»ን ያዘጋጀው በሶርያ የተወለደው ሙስጠፋ አል-አቃድ ሲሆን፣ ፊልሙ በ1976 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አል-አቃድ አንድን ፊልም ሁለት ጊዜ ነው የሠራው። እያንዳንዱን ትዕይንት አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች፣ ወዲያው ደግሞ በዐረብ ተዋንያን ቀርፆታል። በእንግሊዝኛው የነቢዩን አጎት ሐምዛን አንቶኒ ኩዊን፣ የነቢዩ ተቃዋሚ የነበረችውን ሂንድን አይሪን ፓፓስ ሲጫወቱ፣ በዐረብኛው አብዱላህ ጘይስና ሙና ዋሲፍ ይዘውታል። ቀረጻው በሞሮኮ ተጀምሮ እዚያ ሲከለከል በሊቢያ ተጠናቅቋል። እጄ ላይ ያለው የዲቪዲ ሳጥን ሁለቱንም ቅጂዎች በሁለት ዲስክ ይዟል፤ ይህም ለተመልካች ትልቅ ስጦታ ነው፤ የዐረብኛው ከእንግሊዝኛው ይረዝማል፣ በእኔ ፍርድ በትወናም ይበልጣል። ሙና ዋሲፍ በኡሑድ የጦር ሜዳ ላይ ከምታሳየው ፊት አጠገብ አይሪን ፓፓስን የሚያህል ተዋናይት እንኳ ትንሽ ቲያትረኛ ትመስላለች።

የሐበሻውን ንጉሥ ትዕይንት የወሎ ሰው በምን ስሜት እንደሚያየው መግለጽ አያስፈልገኝም። ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ስለ መርየም ሲያነብ፣ ንጉሡም በዘንጉ መሬት ላይ መስመር አስምሮ በእኛና በእናንተ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህች መስመር አይወፍርም ሲል፣ ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ያንዱም የሌላውም ወገን፣ ስኒውን አስቀምጦ ያዳምጣል። ንጉሡን የሚያሳየው አዳራሽና አልባሳት አክሱምን እምብዛም አይመስሉም፤ በዚህ ግን ማንም ሲያጉረመርም ሰምቼ አላውቅም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ካሜራው በእርሳቸው ዓይን ቦታ ይቆማል፤ ሰዎች ወደ ካሜራው ይናገራሉ፤ የተናገሩትን ሌላው ደግሞ ይነግረናል። አማቻቸው ዐሊም እንዲሁ አይታዩም፤ በበድር የጦር ሜዳ ላይ የምናየው ሁለት ምላስ ያለውን ሰይፋቸውን ብቻ ነው። የሙዚቃው ደራሲ ፈረንሳዊው ሞሪስ ዣር ሲሆን፣ ለዚህ ሥራው ለኦስካር ታጭቶ ነበር። እርሱም የገጠመው ከ17 ዓመት በፊት ሮዣን የገጠመው ጥያቄ ነው፤ የማይታየው መምጣቱን ጆሮ በምን ያውቃል? መልሱም ያው ሆነ። ነቢዩ ባሉበት ቦታ ለስለስ ያለ የኦርጋን ድምፅ ይሰማል።

እዚህ ላይ ነው ከዣር ጋር የማልስማማው። ባለፈው ዒድ እነዚህን ዲስኮች ስንከፍት የቅርብ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሐጂ ነበሩ። ኦርጋኑ ብቅ ሲል ፊታቸውን አጨማድደው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ይህ ሰርግ ቤት የሚመታው ነገር አይደለም እንዴ?»

«አይ ሐጂ፣ እሱ የእኛ ኪቦርድ ነው። ይሄኛው የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነው» አልኳቸው።

«እሱማ ባሰ!» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ሳስበው ነገሩን በሁለት ቃል ጨርሰውታል። በአገራችን ኦርጋን ሲባል ሰው የሚያስበው ሰርግና ባንድ ነው። የያሬድ ዜማ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ ኦርጋን አያውቅም፤ የወሎ መንዙማም ድቤና ጭብጨባ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱም ሙዚቀኞች ለቅድስና ወደ ኦርጋን የሄዱት በአውሮፓ ሰው ጆሮ ውስጥ ቅድስናና ኦርጋን ለብዙ መቶ ዓመታት አብረው ስለኖሩ ነው። የሮዣ ፊልም በዚያው ባህል የተሠራ የክርስቶስ ታሪክ በመሆኑ ይስማማዋል፤ እኛ እንኳ ከመክፈቻው ጀምሮ እየተለማመድነው እንሄዳለን። የዣር ግን ከሌላ ቤት የተዋሰው ልብስ ነው፤ ቢያምርም ልኩ አይደለም።

ይህን አስተያየት የሚያጠነክርልኝ ራሱ ፊልሙ ነው። በመዲና ምእመናኑን ለሶላት በምን እንጥራ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ደወልና ቀንድ ተጠቅሰው ሁሉም ይቀሩና የሰው ድምፅ ይመረጣል። ሐበሻው ቢላል ጣራ ላይ ወጥቶ አዛን ያደርጋል። ለእኔ በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቅጽበት የለም፤ ከመሣሪያ ሁሉ የሰው ጉሮሮ መመረጡን በዓይናችን እያየን ነውና። እንዲህ ያለ ትዕይንት ያለበት ፊልም ከዚያ በኋላ ተመልሶ ኦርጋን መፈለጉ ገርሞኛል። ዣር ራሱ ሌላ መንገድ ያውቅ ነበር። በፊልሙ መክፈቻ ላይ ፈረሰኞቹ በበረሃው ሲጋልቡ የሚሰማው ሰፊ ዜማ ለእኔ ጆሮ የአዛን መንፈስ ያለው፣ ከተራራ ወደ ተራራ እንደሚጠራ ሰው ድምፅ ነው፤ ይኸው ዜማ ብቻውን ቢተው ኖሮ ሥራውን ሁሉ ይሠራ ነበር።

ዣር ስለ በረሃ ያለውን ችሎታ የሚጠራጠር ሰው በ1962 ለወጣው፣ ዴቪድ ሊን ላዘጋጀው «ላውረንስ ኦፍ አረቢያ» የጻፈውን ይስማ። እርሱንም በዲስክ አለኝ፤ የራሱ ግምገማ ስለሚያስፈልገው እዚህ አልዘረዝረውም። አንድ ነገር ብቻ፦ እዚያ ፊልም ላይ ኦማር ሸሪፍ በግመል ሆኖ ከአሸዋው ብርሃን ውስጥ ነጥብ ሆኖ ወጥቶ ሰው እስኪሆን ድረስ ሙዚቃ የለም። ሮዣ በሠረገላው ሩጫ ላይ ያደረገውን ዣርና ሊንም ያውቁት ነበር።

የ«አር-ሪሳላ» ዲቪዲ ከ«ቤን ሁር» ብሉሬይ ጋር ሲነጻጸር ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው። ሥዕሉ የደበዘዘ፣ በጨለማ ትዕይንቶች የሚርመሰመስ፣ ድምፁም ጠበብ ያለ ሲሆን፣ ኦርኬስትራው ከመጋረጃ ጀርባ የሚጫወት ይመስላል። ፊልሙ በ2018 በ4ኬ ታድሶ በዐረብ አገሮች ሲኒማ ቤቶች ስለታየ፣ ከታደሰው የተሠራ ዲስክ ማግኘት የሚችል ሰው እርሱን ቢያስመጣ ይሻለዋል። የእኔው ለሁለቱ ቅጂዎች አንድ ላይ መገኘት ሲባል ብቻ የሚያዝ ነው። ስለ ፊልሙ አሠራር የሚናገረው ዘጋቢ ፊልም ግን መታየት አለበት፤ ሁለቱ ሐምዛዎች፣ ኩዊንና ጘይስ፣ ተራ በተራ አንድ ቦታ ላይ ሲቆሙ ማየት ትምህርትም ጨዋታም ነው።

ለሚገዙ ሰዎች የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልጨምር። ዲቪዲ በዓለም ክልል ተከፋፍሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ የአሜሪካው ቁጥር 1፣ የእኛ ደግሞ 5 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዲስክ ለእኛ ክልል ብቻ በተሠራ ማጫወቻ ላይ «የተሳሳተ ክልል» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ዝም ይላል፤ ሁሉንም ክልል የሚያነብ ማጫወቻ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። የ«ቤን ሁር» ብሉሬይ በዚህ በኩል አላስቸገረኝም። ብሉሬይ ማጫወቻ በደሴ ገበያ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እኔም ተቸግሬ ሳለሁ ፕሌይስቴሽን 3ም ሆነ 4 ብሉሬይ እንደሚያጫውት የነገረኝ ታዳጊው የወንድሜ ልጅ ነው። ኳስ የሚጫወትበትን ማሽን ለፋሲካ ተዋስኩት፤ በውለታው የሠረገላውን ሩጫ ሦስት ጊዜ ደግሜ አሳይቸዋለሁ።

ከማጫወቻው የበለጠ ግን ስፒከሩ ላይ ገንዘብ ማውጣት ይገባል። 16 ጫማ ርዝመት ያለው የኦርጋን ቧንቧ የሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ ወደ 33 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የቴሌቪዥን ትንንሽ ስፒከሮች ደግሞ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያሰሙም። ይህ ማለት በናዝሬቱ ጉድጓድ አጠገብ የኦርጋኑ ሥር መሠረት በቴሌቪዥኑ ድምፅ ጨርሶ አይደርሰንም። እኔ የተጠቀምኩት ድሮ ለካሴት የተገዛ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ባለ እንጨት ስፒከሮች ነው፤ አዲስ መግዛት አላስፈለገኝም። ሰዓቱንም መምረጥ ይገባል፤ በእኛ ሰፈር መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ተራ ጠብቀው፣ አንዳንዴም ሳይጠብቁ፣ በድምፅ ማጉያ ስለሚሰሙ፣ ለኦርኬስትራ የሚተርፈው ከምሽቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ነው።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው «ቤን ሁር»ን ይግዛ፤ ለሙዚቃው ምርጫ ሲባል ብቻ እንኳ ዋጋውን ይመልሳል። «አር-ሪሳላ»ን የታደሰው እስኪገኝ ድረስ ይጠብቅ፤ ካልቻለ የዐረብኛውን ቅጂ ያስቀድም። የእኔን ሳጥን ሐጂ ዐረብኛውን ደግመው ሊያዩት ወስደውታል፤ ኦርጋኑ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ እያደረግሁ ነው የማየው ብለውኛል፤ እስካሁን አልመለሱልኝም።